ይህ ጥይት አፈሙዝ ይበላል ወይስ አይበላም?

በመድረኩ ላይ ክሩን (ውይይቱን) የከፈተው ከደሴ የጻፈ ሰው ነው። ከአያቱ የወረሰው፣ ፈቃድ ያለው ቤልጅግ ጠመንጃ አለው። ሰኔ ላይ ደላንታ ለቅሶ ሄዶ አያቱ ከተዉለት ዝናር ጥቂት ጥይት ተኩሷል። ቤቱ እንደገባ በዘይት ጨርቅ ወልውሎ ሰቀለው። ሐምሌ ሲያልቅ አውርዶ አፈሙዙን ወደ መስኮት ብርሃን አዙሮ ቢያይ ውስጡ ዝጓል፤ ጨርቅ ቢሰድበት እንደ በርበሬ የቀላ ነገር ይዞ ወጣ። ዘይት የጠጣ ብረት እንዴት ይዝጋል ነው አንዱ ጥያቄው። ሁለተኛው ግን ይከብዳል፤ ዝናሩ ላይ የቀሩት ጥይቶች ቂጣቸው ላይ የተለያየ ጽሑፍ አላቸው፣ ታዲያ ብረት የሚበላውን ከማይበላው ሳይተኩሱ መለየት ይቻላል ወይ? ፎቶም አያይዟል። ጥይቱ ደብዛዛ ነው፣ ጣቱ ግን በደንብ ይታያል።

ክሩ ሠላሳ ምናምን መልስ ስለሄደና ግማሹ ጨዋታ ስለሆነ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲቀለው አሳጥሬ እተርከዋለሁ። መሐል መሐል የራሴንም እጨምራለሁ፤ ያልጣመው ክሩን ራሱን ያንብብ።

እንደ አገራችን ወግ መጀመሪያ የመጣው መልስ ሳይሆን ለቅሶ መድረስ ነው። 1ኛው ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ፣ 2ኛው አላህ ይርሐማቸው ብሎ ሄደ፣ 3ኛው ሟቹ የማን ወገን እንደሆኑ ጠየቀና በእናቱ በኩል ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩን የጀመሩት 4ኛው መላሽ ናቸው፣ የጀመሩትም በተሳሳተ በኩል ነው። ባሩድ ሲያረጅ ወደ አሲድነት ይለወጣል፣ አፈሙዝ የሚበላውም ይኸው አሲድ ነው አሉ። ብዙዎቻችን እንዲህ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። 5ኛው ከኮምቦልቻ የጻፈ፣ ዕድሜውን በብረታ ብረት ሥራ የጨረሰ መካኒክ ነው። እርስዎ እያለ፣ አክብሮ አረማቸው። ጥፋተኛዋ ከቀለሁ ቂጥ መሐል ያለችው፣ መርፌው የሚመታት ካፕሱል ናት። በድሮው አሠራር ካፕሱሏ ውስጥ ፖታሺየም ክሎሬት ይገባል። ሲቃጠል ኦክስጅኑን ይለቅና ፖታሺየም ክሎራይድ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። ጨዉ ከጢሱ ጋር አፈሙዙ ውስጥ ይረጫል፣ ብረቱ ላይ ይጋገራል፣ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ከዚያ የሚሆነው ይታወቃል። ጥይቱ ዝናር ላይ እስካለ ድረስ ማንንም አይነካም፤ ጣጣው የሚጀምረው ከተተኮሰ በኋላ ነው።

ይኸው መካኒክ 4ኛውን እንዳያስቀይም ብሎ ይመስለኛል፣ ትንሽ ታሪክ ጨመረ። አሜሪካኖቹም ለብዙ ጊዜ ባሩዱን ሲከሱ ኖረው፣ አፈሙዙ ከተወለወለ በኋላ ለምን እንደሚያልበው ግራ ሲገባቸው ከርሞ፣ የማዕድን ቢሯቸው ኬሚስት በ1922 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ የካፕሱሉ ጨው መሆኑን አሳየ። ስለዚህ እርስዎ የተናገሩት ከመቶ ዓመት በፊት ሊቃውንቱም ያመኑትን ነው ብሎ አለዘበው። አዛውንቱ አመሰገኑት። ክሩ እንዲህ በጨዋነት ቢቀጥል ኖሮ ደግ ነበር።

6ኛው የዘይቱን ጥያቄ መልሶ አነሣ። 7ኛው ባጭሩ መለሰለት፤ ጨው በዘይት አይሟሟም። ዘይቱ ጨዉንም ብረቱንም አብሮ ይሸፍናል እንጂ ጨዉን አያወጣውም፤ ከዘይቱ ሥር ሆኖ ሥራውን ይሠራል። ላምባም ናፍጣም ያው ናቸው። ጨው የሚያወጣው ውኃ ነው። ይህን ያነበበ ሁሉ ደነገጠ፣ ምክንያቱም ጠመንጃና ውኃ አይገናኙም ተብሎ ነው ከአባቶቻችን የወረስነው።

8ኛው ረጅም ነው፣ ከክሩ ሁሉ የወደድኩትም እሱን ነው። ከወልድያ የጻፉ አባት ናቸው። አባታቸው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው፣ ጋራንድ የሚባለውን የአሜሪካ ጠመንጃ ታጥቀው የተመለሱ ነበሩ፤ አሜሪካኖቹ ካስተማሯቸው ነገር አንዱ ከተኩስ በኋላ ጠመንጃን ሦስት ቀን ተከታትሎ ማጽዳት ነው። አገራቸው ገብተው የራሳቸውን ጠመንጃ ሲይዙም ይህንኑ አልተዉም። ልጅየው የማንቆርቆሪያ ተሸካሚ ነበሩ። አባት የኋላ መዝጊያውን ይነቅላሉ፣ አፈሙዙን ወደ ታች አድርገው ሳፋ ላይ ያቆሙታል፣ ከኋላ በኩል ጠባብ ማጥለያ ይሰካሉ፣ ልጁ የፈላውን ውኃ ቀስ እያለ ያወርዳል። መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ግራጫ ነው፣ ቀጥሎ እየጠራ ይሄዳል፤ እስኪጠራ ድረስ ማቆም የለም። ያኔ ብረቱ በባዶ እጅ የማይያዝ ሆኗል፤ አባት በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው ገልበጥ ያደርጉታል፣ ሙቀቱ ራሱ ውስጡን ያደርቀዋል። ደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ ይሰዳል፣ ዘይት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የመዝጊያው ፊትም በዚሁ ውኃ ይታጠባል፤ ጨዉ ወደ ፊት ብቻ አይሄድምና። በማግሥቱና በሠልስቱ ደግሞ በጨርቅ ይፈተሻል፤ ጨርቁ ከቀላ ውኃው እንደገና ይፈላል። እናታቸው በከሰሉ ብዛት ያጉረመርሙ እንደነበርም አልረሱም።

9ኛው እንግሊዞቹም የፈላ ውኃ ያፈሱ እንደነበር መሰከረ። የእነሱ ኮርዳይት የሚባለው ባሩድ በጣም ስለሚግል አፈሙዙን በሙቀት ያሳሳዋል፤ ይህ መሳሳት ግን ከዝገት የተለየ ጉዳት ነው፣ በማጠብም አይቀርም። ትክክል ነው። አንዱ ደግሞ የመስታወት ማጽጃ በቂ እንደሆነ ጻፈ፤ አሞንያው ጨዉን ያጠፋል የሚለው እምነት በየአገሩ አለ፣ ነገር ግን እዚያም ቢሆን ሥራውን የሚሠራው ውኃው ነው፤ በዚያ ዋጋ ማንቆርቆሪያ ይሻላል።

ከ10ኛ እስከ 13ኛ ያሉት መልሶች የምልክት ዝርዝር ናቸው፣ እኔም እንደ ዋጋቸው ፈጠን ብዬ አልፋቸዋለሁ። በማግኔት ይለያል ያለው ሰው ተሳስቷል፤ ማግኔት የሚናገረው ቀለሁ ወይም የእርሳሱ ልብስ ብረት መሆን አለመሆኑን ነው። በካፕሱሉ ዙሪያ ያለው ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም የሚለውም እንዲሁ፤ ያ ቀለም እርጥበት እንዳይገባ የተቀባ ማሸጊያ ነው። የነሐስ ቀለህ ከሆነ አይበላም፣ የብረት ከሆነ ይበላል ያለውን በሁለት ቃል መመለስ ይቻላል፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጥይት የሚያብረቀርቅ ነሐስ ሆኖ ጨው ያዘለ ነው፣ ዛሬ ሩሲያ ለገበያ የምትሠራው የብረት ቀለህ ደግሞ የለበትም። በማሽተት ይታወቃል ያለውን ትቼዋለሁ።

14ኛው ግን ከእነዚህ ትንሽ ይሻላል፣ ለዚህም ብዙዎች ተከተሉት። የተተኮሰውን ቀለህ ወደ ብርሃን አዙረህ በአፉ ውስጥ እይ ይላል። ቂጡ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ካለ በርዳን የሚባለው አሠራር ነውና ይበላል፤ መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ ቦክሰር ነውና አይበላም። የድሮ የአውሮፓ ጦር ጥይት አብዛኛው በርዳን ስለሆነ ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገጥማል፣ እምነቱም የመጣው ከዚያ ነው። 15ኛው ግን በቀጥታ አፈረሰው፤ የጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ ጥይት ባለ አንድ ቀዳዳ ሆኖ አፈሙዝ በልቷል፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሆኖ ንጹሕ የሆነም ሞልቷል። ቀዳዳው የሚናገረው እሳቱ በየት እንደሚያልፍ ነው፤ ካፕሱሉ በምን እንደተሞላ ሌላ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ክሩ መንገዱን ሳተ፣ ግን በደስታ ነው የሳተው። 16ኛው ከተንታ የጻፈ ሰው ነው፤ ይህ ቦክሰር የተባለው ሰው በዉሊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የነበረው የእንግሊዝ መኮንን መሆኑን፣ በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ የመጣው ጦር በሰናድር ጠመንጃው የተኮሰው የእሱን ጥይት መሆኑን አስታወሰ። ሰናድር በጦርነት ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ የእኛው አምባ ነው። በርዳን አሜሪካዊ ሆኖ ፈጠራው አውሮፓን ሲወርስ፣ የእንግሊዛዊው ፈጠራ አሜሪካን መውረሱም ይገርማል አለ። 17ኛው የዚያን ዘመን ጥቁር ባሩድ ዝቃጭ ራሱ እርጥበት እየሳበ ብረት የሚበላ ስለሆነ፣ ሰናድርና ውጅግራ ያለው ሰው የካፕሱሉን ጣጣ ከመጠየቁ በፊት ውኃ ያፍላ ብሎ ወደ ጉዳዩ መለሰን።

18ኛው መልስ ነው ጠቡን የጫረው። የደሴውን ፎቶ አጉልቶ አንዱ ጥይት ላይ 52 የሚል አነበበ። እንደ ዓመተ ምሕረታችን ቆጠረው፤ 1952 ዓ.ም. በፈረንጅ 1960 ነው፣ ያኔ ደግሞ ጨው የሌለበት ካፕሱል ገብቷል፣ ስለዚህ ወንድማችን ያለ ሐሳብ ይተኩስ ብሎ ፈረደ። 19ኛው በትሕትና ቀለህ ላይ የሚመታው ዓመት የፈረንጅ መሆኑን ነገረው። 52 ማለት 1952 እ.ኤ.አ. ነው፣ በእኛ ገና 1944 እና 1945 ነው። 18ኛው አልተመለሰም። ለንጉሡ የተሠሩት ቤልጅጎች የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባቸው የለ ወይ፣ ታዲያ ጥይቱስ ለምን በእኛ አቆጣጠር አይሆንም ብሎ ተከራከረ። 20ኛው ላይ ጨዋነቱ አለቀ፤ እስከዚያ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት አንተ ተባባሉ። አንበሳው ያለው ጠመንጃው ላይ ነው እንጂ ጥይቱ ላይ አይደለም፣ የሊዬዥ ሠራተኛ መስከረም መቼ እንደሚጠባ አይጠይቅም፣ የማታውቀውን ሰው አፈሙዝ በግምትህ አታስበላ ተባለ። ቃሉ መረር ያለ ቢሆንም እውነቱ ከ20ኛው ጋር ነው። የስምንት ዓመት ልዩነት በሌላ ነገር ላይ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ለውጡ የተካሄደበት ዘመን ራሱ እነዚያ ዓመታት ስለሆኑ መልሱን ይገለብጠዋል።

21ኛው፣ ያው የኮምቦልቻው መካኒክ፣ ተመልሶ ነገሩን አስተካከለ። በእኔ ግምት ጥያቄውን በትክክል የመለሰ ይህ ነው። ዓመት ብቻውን ግማሽ መልስ ነው፤ የፋብሪካው ምልክት አብሮ መነበብ አለበት፣ ምክንያቱም ሠራዊቶች በአንድ ቀን አልተለወጡም። የአሜሪካ የጋራንድ ጥይት በጦርነቱ ዘመን ሁሉም ጨው ነበረው፤ ፋብሪካዎቹ የተለወጡት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ነው፤ በመሐል ባሉት ዓመታት ፊደሉን ሳያዩ መፍረድ አይቻልም። የዚያው አገር የካርባይን (የአጭሩ ጠመንጃ) ጥይት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጨው አልነበረበትም፤ የካርባይኗ የጋዝ መግፊያ በወታደር እጅ እየተፈታ እንዲጸዳ አልተሠራምና ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ጀርመኖች በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጨው አልባውን ካፕሱል ሠርተዋል፤ ይህ ማለት ግን በጦርነቱ የሠሩት ጥይት ሁሉ እሱን ይዟል ማለት አይደለም፣ የድሮውንም አብረው ሲሞሉ ነበር፣ የትኛው እንደገባ የሚጻፈውም ሳጥኑ ላይ ነው። ሶቪየቶቹ ለሠራዊታቸው የድሮውን ካፕሱል ከሌሎቹ ዘግይተው ነው የተዉት። የእነሱ ቀለህ ላይ ከላይ የፋብሪካ ቁጥር አለ፣ 17 ባርናውል፣ 60 ፍሩንዜ፣ 188 ኖቮሲቢርስክ፣ 270 ሉጋንስክ፤ ከታች ዓመቱ። ከ1952 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ባሉት አንዳንዶቹ ላይ በዓመቱ ፈንታ ፊደል ስላለ ሰው ግራ ይጋባል።

ከዚህ ተነሥቶ መካኒኩ የደረሰበት ነገር ብዙዎችን አላስደሰተም። በተፈታ፣ ከሳጥኑ በወጣ፣ ከሦስት አገር በተለቀመ ዝናር ላይ ዓይን አይፈርድም። የታሸገ ሳጥን ከነጽሑፉ ያለው ሰው ያንብብ፤ ዝናር ብቻ ያለው ሰው ሁሉንም እንደሚበላ ቆጥሮ ውኃውን ያፍላ። የማይበላውን ጥይት ተኩሶ አፈሙዝ በውኃ ቢያጥብ የሚያጣው ጥቂት ከሰል ነው፤ የሚበላውን ተኩሶ በዘይት ቢያልፈው አፈሙዙን ያጣል። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም። ሰው ግን ምልክት ይወዳል፤ ከ21ኛው በኋላ እንኳ ሁለት ሰዎች ስለ ቀለም ጠየቁ።

22ኛው ሳጥንም ይዋሻል አለ፤ ነጋዴ የአንዱን ሳጥን በሌላ ጥይት ሊሞላው ይችላል፣ ማሸጊያው ካልተነካ ነው ጽሑፉ የሚታመነው። ልክ ነው፣ እለፈው።

23ኛው ፈረንጆች የሚያደርጉትን የሚስማር ሙከራ አመጣ፤ አንድ ጥይት ተፈትቶ እርሳሱና ባሩዱ ይወጣና ካፕሱሉ ብቻ በተወለወለ ሚስማር ላይ ይተኮሳል፣ ሌላ ያልተነካ ሚስማር ከጎኑ ይቀመጣል፣ ሁለቱም እርጥበት ቦታ ሰንብተው የትኛው እንደዛገ ይታያል። በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነው። ነገር ግን የተፈተነው ጥይት የሚመሰክረው አብረውት ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ለወጡት ብቻ ነው፤ በተለቀመ ዝናር ላይ የሠላሳውን ጥይት ጠባይ ለማወቅ ሠላሳውንም ማቃጠል ሊኖርብህ ነው። 24ኛው ደግሞ ቁጣውን አልደበቀም፤ ሰማንያ ዓመት የሆነውን ጥይት ልጆች ባሉበት ቤት በፒንሳ ለመፍታት የሚመክር ሰው መድረክ ላይ መጻፍ የለበትም ብሎ፣ የጠፉ ጣቶችን በስም ሳይሆን በመንደር ቆጠረ።

25ኛው ክሩ ሲጀመር መምጣት የነበረበትን ተናገረ። የለቅሶ ተኩስና የሠርግ ተኩስ ይብቃ ነው የሚለው፤ ወደ ሰማይ የሄደ እርሳስ ይወርዳል፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ፈቃድ አለኝ ማለት እንዳሻኝ ልተኩስ ማለት አይደለም፣ ደግሞስ ጨዉን የምትፈሩ ከሆነ አለመተኮስ ከውኃም ይረክሳል። የደላንታ ሰው ለጀግና ካልተተኮሰ ምን ተብሎ ይሸኛል የሚል መልስ ወዲያው መጣ። የቀጠለው 27ኛው መልስ ስድብ ስለነበረበት አወያዩ አንሥቶታል፣ ቁጥሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። እኔ ከ25ኛው ጋር ነኝ፤ አባባሉ ግን ለሐዘንተኛ ሰው ትንሽ ሻካራ ነበር።

28ኛዋ ሴት ናት፣ እስካሁን ከጻፉት የመጀመሪያዋ ይመስለኛል፣ ከሐይቅ። ጠመንጃ የላትም። ያላት የአያቷ የኩል መያዣ ነው፤ የጥይት ቀለህ ሆኖ አፉ በተጠረበ እንጨት የተከደነ፣ ኩል መኳያውም ከክዳኑ ጋር አንድ የሆነ፤ ነሐሱ በእጅ ብዛት ለስልሶ ከተቆለመመው ጠርዝ በስተቀር ቢጫነቱ ወደ ቡና ሄዷል። ቂጡ ላይ 936 የሚል ቁጥር ስላለ ይህስ የስንት ዓመት ነው ብላ ጠየቀች። 18ኛው ከጠፋበት ብቅ ብሎ 936 ዓመት ሊሆን አይችልም፣ የሞዴል ቁጥር ነው አለ። አሁንም አልቀናውም። 29ኛው ጣልያኖች ዓመቱን ሲመቱ የመጀመሪያዋን አንድ ይተዋሉ፣ 936 ማለት 1936 እ.ኤ.አ. ነው ብሎ መለሰ፤ ከጎኑ ኤስ.ኤም.አይ. የሚል ፊደል ካለ የሶሲየታ ሜታሉርጂካ ኢታሊያና ሥራ ነው፣ ቢ.ፒ.ዲ. ካለ የቦምብሪኒ ፓሮዲ ዴልፊኖ። ጣልያን ደሴ የገባው በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ነው፤ የተባረረውም በ1941 ሚያዝያ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት ደቡብ አፍሪካውያን ከኮምቦልቻ በኩል ሲወጡ። በመሐል ባለው ጊዜ የሐይቅ መንገድ ዳር ስንት ቀለህ እንደወደቀ ማሰብ ነው። የዚያ ዘመን የካርካኖ (የጣልያን ጠመንጃ) ጥይት ካፕሱሉ ጨው ያለበት ነው፤ የኩል መያዣ ላይ ግን ምን ያደርጋል?

እሷም ይህንኑ ጠየቀች፣ ለዓይን አይከፋም ወይ ብላ። 30ኛው የጤና ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ነው፣ ነገሩን ቀለል አድርጎ አላየውም። ጨዉ በውኃ ይታጠባል፤ ከጨዉ ይልቅ የድሮ ካፕሱሎች ሜርኩሪ የነበረበት ፉልሚኔት፣ አዲሶቹ ደግሞ እርሳስ ያለበት ስቲፍኔት ስለሚይዙ ዝቃጩ ለዓይን የሚጠጋ ነገር አይደለም። ከዚያ ያልተጠበቀውን ጨመረ፤ ብዙ ጊዜ በኩልነት የሚሸጠው ድንጋይ ራሱ ጋሌና የሚባል የእርሳስ ማዕድን ስለሆነ፣ ቀለሁን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በተለይ ለሕፃን ዓይን ኩል አይቀባ። እሷ አመስግና አያቷ ዘጠና ዓመት አልፏቸው መርፌ ክር እንደሚከቱ ጻፈች። 30ኛው መልስ አልሰጠም።

31ኛው ወደ ብረቱ መለሰን፣ ክላሽ ላለው። የክላሽ አፈሙዝ ውስጡ ክሮም የተለበጠ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይታገሣል፣ ባለቤቱም ጥይቴ አይበላም ብሎ ይዘናጋል። ጨዉ ግን ክሮም ወደሌለበት ይሄዳል፤ የጋዝ ቱቦው ውስጥ፣ የአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለው ብሎን፣ የመዝጊያው ጥጋጥግ። እዚያ ጨርቅ ሰድዶ ማየት ነው እንጂ አፈሙዙን ብቻ አይቶ መመስከር አይቻልም።

32ኛው ከባቲ ነው፣ እየሣቀ ነው የጻፈው። በዚያው ዓይነት ጥይት እሱም ጎረቤቶቹም ሲተኩሱ ኖረዋል፣ በዘይት ብቻ ወልውለው፣ ዝገት አላዩም፤ ስለዚህ ደሴዎች ስንፍናቸውን በጥይት ያመካኛሉ አለ። የተናገረው ሐሰት አይደለም፣ ማስረጃው ግን ለሌላ ነገር ነው። ፖታሺየም ክሎራይድ ከአየር ውኃ ስቦ እስኪሟሟ ድረስ እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ መሆን አለበት፤ ከዚያ በታችም ዝገት ይጀምራል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ ከጦሳ የሚወርደው ጉም እስከ ቀትር የማይነሣበት ከተማ ነው፤ ባቲ ቆላ ነው፣ ፀሐዩ የአፈሙዙን ውስጥ ያደርቅለታል። ያው ጥይት የተተኮሰበት ጠመንጃ ክረምቱን ደሴ ቢከርም ባቲዎችም ውኃ ያፈሉ ነበር። 33ኛው ይህንኑ ነግሮት ባቲዎች ሰኞ ገበያ ሲመጡ ጠመንጃቸውን ይዘው እንዳይወጡ መከረው፤ ባቲውም የሰኞው ገበያ ያለው ባቲ መሆኑን አስታውሶት ተሣሣቁ።

የክሩ ባለቤትም እዚህ ላይ ተመለሰ። የ8ኛውን አባት መንገድ ተከትሎ አጥቧል፤ የወረደው ውኃ ከግራጫ ይልቅ ቀይ እንደነበር፣ ከሦስተኛው ማንቆርቆሪያ በኋላ እንደጠራ ጻፈ። ላዩ ላይ የነበረው ዝገት ወጥቶለታል፤ የአፈሙዙ ጫፍ አካባቢ ግን ጥቃቅን ጉድጓድ ቀርቷል፣ ያንን ውኃ አይመልሰውም። አዲሱ ፎቶ ጥርት ያለ ነው። አንደኛው ጥይት ላይ ኤፍ.ኤን. የሚል የቤልጅግ ፋብሪካ ምልክት አለ፤ አንደኛው ላይ በላቲን ፊደል ኤ፣ ዩ፣ ኤክስ ተከታትለው ከ41 ጋር ተመትተዋል። እሱ በማግደቡርግ የነበረው የፖልተ ፋብሪካ የጦርነት ዘመን መለያ ነው፤ ሳጥኑ ስለሌለ ይበላል ብሎ መያዝ ነው። ባለ 52ቱ ፊደሉ በመቦጨር ጠፍቷል፣ ሊነበብ አልቻለም፤ እሱም ከሚበሉት ጋር ይቆጠር።

34ኛው የዝናሩን ጥይት በስንት ይሸጥልኛል ብሎ ጠየቀ። አወያዩ ጥይት እዚህ እንደማይሸጥ ጽፎ ክሩን ዘጋው። የባለ ሁለት ቀዳዳውን ቀለህ ካፕሱል አውልቆ ስለ መተካት የተጠየቀው ሳይመለስ ቀርቷል፤ ጠያቂው ሌላ ክር ይክፈት።